ሽጉጡ ተያዘ፣ ባለቤቱ ነፃ ወጣ፤ ሽጉጡስ?

የማውቀው ሰው ነው። ቨርጂኒያ ይኖራል። ሽጉጡን በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛው፣ የመያዣ ፈቃዱም ከኪሱ አይለይም። አንድ ማታ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ጎረቤት ከተማ ተሻገረ። የኋላ መብራቱ አንዱ ጠፍቶ ስለነበር ፖሊስ አስቆመው። እሱም እንደ ጨዋ ሰው ቀድሞ ተናገረ፤ «ዳሽቦርዱ ውስጥ ሽጉጥ አለ፣ ፈቃድም አለኝ።» ፈቃዱ ግን የቨርጂኒያ ነው። የቆመበት መሬት ደግሞ ቨርጂኒያ አይደለም።

ሽጉጡ ተወሰደ፣ እሱም እዚያው አደረ። ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ተወው። ወዳጄ ተገላገልኩ ብሎ በነጋታው ወደ ንብረት ክፍሉ ሄደ። የያዘው ፖሊስ የሰጠውን ቢጫ ወረቀት ነው። ወረቀቱ መኪናው ውስጥ ከፀሐይ መከላከያው ሥር፣ ከፓርኪንግ ቲኬቶች ጋር ተጣጥፎ ነው የከረመው። የሽጉጡ መለያ ቁጥር፣ የተያዘበት ቀን፣ የማይነበብ ፊርማ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ወረቀቱን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ከዚያ በትሕትና ነገረችው። ክሱ ሌላ ነው፣ ሽጉጡ ሌላ ነው። «ይገባኛል» ብሎ የማመልከቻው ቀን አልፏል። ደብዳቤም ተልኮለት ነበር። የድሮ አፓርታማው ጋ።

«ክሱ ከቀረ በምን ሒሳብ ይወስዱብኛል?» አለኝ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ጥያቄው ግን አልለቅ ብሎኝ ሕጉን ሳገላብጥ ከረምኩ። መልሱ ለጆሮ አይጥምም፤ ሕጉ የሚከተለው ሁለት ፋይል ነው። አንዱ የሰውዬው ነው፣ ሌላው የመሣሪያው። የመጀመሪያው ሲዘጋ ሁለተኛው አብሮ ይዘጋል ያለ የለም።

በአማርኛ «ወረሰ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ልጅ የአባቱን ጠመንጃ ይወርሳል። መንግሥትም ይወርሳል። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤታቸው የተወሰደባቸው ሰዎች እስከ ዛሬ «ቤታችን ተወረሰ» ነው የሚሉት። በሁለቱም ንብረቱ አዲስ ባለቤት አግኝቷል ማለት ነው። መያዝ ግን መውረስ አይደለም። ፖሊስ ሽጉጥ ሲይዝ ባለቤትነቱ ገና አልተነካም፣ እጅ ብቻ ነው የተለወጠው። አገር ቤት «ኤግዚቢት ነው» የሚባለው እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ዕቃ ነው። ባለቤትነቱ እንዲሻር ሌላ እርምጃ፣ ሌላ ማስታወቂያ፣ ሌላ የጊዜ ገደብ ያስፈልጋል። ሰው የሚበላው በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ነው። ምክንያቱም በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም እየተደረገ ያለ አይመስለውም።

ይህን ነገር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያደረሰ አንድ የሳውዝ ካሮላይና ሰው ነበር። የመዝገቡን ስም ሳነብ ሳቄ መጣ። ከሳሽ፦ ዩናይትድ ስቴትስ። ተከሳሽ፦ 89 የጦር መሣሪያዎች። ሰውዬው በተከሳሽነት የለበትም። የተከሰሱት ጠመንጃዎቹ ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ የፈረንጅ ናቸው)። በጃንዋሪ 1977 የመሣሪያ ተቆጣጣሪው ፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ኤቲኤፍ፣ መሣሪያዎቹን ያዘ። ባለቤቱ ያለ ንግድ ፈቃድ መሣሪያ ይነግዳል ተብሎ ተከሰሰ። እሱም መሸጤን አልክድም፣ ግን የመንግሥት ሰዎች ናቸው ወጥመድ ዘርግተው ያስገቡኝ ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ፣ ማለትም የሕዝብ ዳኞቹ፣ በነፃ አሰናበቱት። ሰው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚያ ባለቀ ነበር። መንግሥት ግን ዞር ብሎ ጠመንጃዎቹን ከሰሰ። ክርክሩ ሰባት ዓመት ፈጀ። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለመንግሥት ፈረደ።

ምክንያቱ ቢያናድድም ውስጡ ስሌት አለው። በወንጀል ችሎት ነፃ መባል «አላደረገም» ማለት አይደለም፣ «ከጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም» ማለት ነው። የመውረስ ክስ ደግሞ ፍትሐ ብሔር ነው። እዚያ የማስረጃው ሚዛን ወደ አንዱ ወገን ትንሽ ካዘነበለ ይበቃል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንደኛው ችሎት ነፃ ሆኖ ጠመንጃው በሌላኛው ችሎት ሊሸነፍ ይችላል። መሣሪያውን መውሰድም ቅጣት ሳይሆን መከላከል ነው አሉ ዳኞቹ። 89 መሣሪያ ለተወሰደበት ሰው ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያጽናናው አላውቅም።

ዕቃን መክሰስ ራሱ የቆየ ልማድ ነው። ባለቤቱ ባሕር ማዶ ያለ የኮንትሮባንድ መርከብ ወደብ ላይ ሲያዝ ማንን ትከሳለህ? መርከቡን። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የዚህን ሥር ሲቆፍሩ ኦሪት ዘጸአት ድረስ ይወርዳሉ፣ ሰው ወግቶ የገደለው በሬ ይወገራል የሚለው ጋ። የዛሬው ሽጉጥ የዚያ በሬ ዘመድ ነው።

ከ1984ቱ ፍርድ በኋላ የመሣሪያ ባለቤቶች ኮንግረስ ላይ ጮኹ። በግንቦት 1986 ሬገን የፈረሙት ሕግ ነገሩን ገለበጠው። ባለቤቱ ነፃ ከተባለ መሣሪያው ወዲያው ይመለስለት ይላል። መንግሥት ልውረስ ካለ ከተያዘበት ቀን አንስቶ በ120 ቀን ውስጥ ክሱን ይጀምር ይላል። አንድ ለአንድ ተለይቶ ከወንጀሉ ጋር የተያያዘው መሣሪያ ብቻ ነው የሚነካው፣ ቤት የተገኘው ሁሉ አይጠረግም። ባለቤቱ ከረታ የጠበቃውን ክፍያ መንግሥት ይሸፍናል። ጥሩ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ፣ መሣሪያ ለማይወድ ሰው እንኳ። የመንግሥት እጅ ቶሎ ይዞ ቀስ ብሎ የሚለቅ እጅ ነው፤ ቀን ቆጥሮ የሚያስለቅቀው ይፈልጋል።

ግን ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መሣሪያው የሚመለሰው ባለቤቱ ነፃ ሲባል ነው፣ ወይም ክሱ ሲዘጋ። ክሱ የተዘጋው ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ከችሎቱ በፊት ጠይቆ ከሆነ ግን ይህ ግዴታ አይሠራም። ይኸውላችሁ! ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው ደግሞ በዚህ መንገድ ነው፣ ዐቃቤ ሕጉ «ትቼዋለሁ» ሲል። እንደ ወዳጄ ያለው ሰው ተሟግቶ ቢረታ ይሻለው ነበር ማለት ነው። ደግሞ ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው። መሣሪያውን የያዘው የከተማ ወይም የካውንቲ ፖሊስ ከሆነ የሚገዛው የአካባቢው ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ድልድይ በተሻገርክ ቁጥር ይለያያል።

ስለ ድልድይ ካነሳን። ዋሽንግተን ዲሲ የሌላ ስቴት ፈቃድ አይቀበልም። ቨርጂኒያ የተፈቀደልህ ዲሲ ሲደርስ ወረቀት ብቻ ነው። ያው የ1986ቱ ሕግ መንገደኛን የሚከላከል ክፍል አለው፣ ግን ለሚያልፍ ሰው ነው። መነሻውም መድረሻውም ላይ መያዝ የሚፈቀድለት፣ ጥይቱ የወጣ፣ መሣሪያውም እጅ የማይደርስበት ቦታ የተቀመጠ መሆን አለበት። መኪናው ከሾፌሩ ክፍል የተለየ የዕቃ ማስቀመጫ ከሌለው የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይሁን ይላል ሕጉ። ዳሽቦርድ ሳጥን አይባልም፣ በግልጽ ተጽፏል። የእኛ ሰው ደግሞ ሽጉጥ የት ነው የሚያስቀምጠው? ዳሽቦርድ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሽጉጥ የሚጠፋው ችሎት ላይ ሳይሆን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ነው። በፌዴራል ደረጃ በ2000 የወጣው የመውረስ ማሻሻያ ሕግ አካሄዱን በቀን ሰፍሮ ያስቀምጣል። ዕቃው ከተያዘ በ60 ቀን ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ መላክ አለበት። ባለቤቱ ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ቢያንስ 35 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ «የኔ ነው፣ እከራከራለሁ» ብሎ ከጻፈ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ወይ ፍርድ ቤት ይሄዳል ወይ ይመልሳል። ዝም ካለ ማንም ዳኛ ፋይሉን ሳያየው ዕቃው የመንግሥት ይሆናል። የድሮው ሕግ መከራከር ለፈለገ ሰው ማስያዣ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር፣ ያ ቀርቷል። የማስረዳት ሸክሙም ከባለቤቱ ትከሻ ወርዶ መንግሥት ላይ ተጭኗል። ይህ ሁሉ ለሚመልስ ሰው ነው።

የኛን ኑሮ ታውቁታላችሁ። መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው አድራሻ የአክስት ቤት ነው። የምንኖረው ሌላ ቦታ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ተጋርተን። የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ አንዱ ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ሌሊት ይሠራል። ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ሲታይ «የታክስ ነገር ይሆናል» ተብሎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጠፋል። 35 ቀን እዚያ ማቀዝቀዣ ላይ ያልቃል። የቦታ ለውጥ ማስመዝገብ፣ ንብረት ክፍሉን ራስ ደውሎ መጠየቅ፣ ቢጫውን ወረቀት እንደ ፓስፖርት ማስቀመጥ፤ ይሄ ነው ጠበቃ ከመቅጠር በፊት የሚሠራው። ጠበቃውም ያስፈልጋል እርግጥ። የይገባኛል ጥያቄው በሐሰት ቢሆን እቀጣለሁ ተብሎ የሚፈረም ነው። የወንጀል ክሱ ገና ካላለቀ እዚያ ላይ የምትጽፋት አንዲት መስመር «ሽጉጡ የኔ ነው» ናት። እሷን ዐቃቤ ሕግም ያነባታል።

ቀኑን ጠብቀው፣ ጠይቀው፣ ተከራክረውም የማይመለስላቸው አሉ። የ1986ቱ ሕግ «መመለሱ ራሱ ባለቤቱን ሕግ የሚያስጥሰው ካልሆነ» ይላል። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መሣሪያ መያዝ አይችልም። ሚስቱን በመምታት በቀላል ወንጀልም ቢሆን የተፈረደበት ከ1996 ወዲህ አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ነገሩ ይቋጭ ብሎ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፣ ቅጣቱ ትንሽ ነው፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሽጉጡን ሊወስድ ሲሄድ ነው ምን እንደፈረመ የሚገባው።

የኢሚግሬሽኑ ደግሞ የባሰ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሣሪያ መግዛትም መያዝም ይችላል። በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም። ወረቀት የሌለውም አይችልም። ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። መሣሪያውን ያለ ፈቃድ መያዝ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ለዜጋ ቀላል ድርድር የሆነው ነገር ለግሪን ካርድ ባለቤት ዕድሜ ልክ የሚከተል ሊሆን ይችላል። ወዳጄ ክሱ ስለቀረለት ተረፈ። ሽጉጡ ቀርቶበት ካርዱ ተርፎለታል። እኔ በበኩሌ ዳቦ ቁረስ አልኩት።

መያዝ የማይችል ሰው መሣሪያውን ሸጦ ገንዘቡን ሊወስድስ ይችላል? ይህንንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አይቶታል፣ በ2015። ሄንደርሰን የሚባል የቀድሞ የድንበር ጠባቂ በማሪዋና ሽያጭ ተከሶ በዋስ ሲወጣ ጠመንጃዎቹን ለኤፍቢአይ እንዲያስረክብ ታዘዘ። አስረከበ። ጥፋተኛ ተባለ፣ ታሰረ፣ ወጣ። መሣሪያዎቹ ከወንጀሉ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም፣ የተወረሱም አይደሉም። «ለወዳጄ ልሽጣቸው፣ ለሱ ስጡት» ቢል መንግሥት እምቢ አለ። ለማን እንደሚሰጥ ካዘዝክ ያዝከው ማለት ነው አለ። ዘጠኙም ዳኞች በዚህ አልተስማሙም። ተረካቢው መሣሪያውን መልሶ ለሱ እንደማያቀብል ፍርድ ቤቱ ካመነ ይተላለፍ አሉ። መያዝና ባለቤት መሆን ሁለት ነገር ነው ማለታቸው ነው። ይህ ለኔ ደስ የሚል ፍርድ ነው።

ሌላው መንገድ ያለ ምንም ወንጀል የሚያዘው መሣሪያ ነው። አንድ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ይጎዳል ተብሎ ሲሰጋ ቤተሰቡ ወይም ፖሊስ ዳኛ ጋ ሄዶ መሣሪያው ለጊዜው እንዲወሰድ የሚያስደርግበት ሕግ ነው። ኮኔቲከት በ1999 ጀመረችው። ፍሎሪዳ በ2018 ከፓርክላንድ ትምህርት ቤት ግድያ በኋላ አወጣች፣ ሜሪላንድም በዚያው ዓመት። ቨርጂኒያ በ2020። ቨርጂኒያ ላይ ትእዛዙ እስከ 180 ቀን ይቆያል፣ ሜሪላንድ እስከ አንድ ዓመት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ዓይነቱን ሕግ ፊት ለፊት አላየውም። በጁን 2024 ያየው የሚቀራረበውን ነው፤ የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክለውን። ስምንት ለአንድ ሕጉን አጸናው። የፍርዱ ቁልፍ ቃል «ለጊዜው» ነው። ፍርድ ቤት አደገኛ ነው ያለውን ሰው ለጊዜው ማስፈታት ይቻላል። ለጊዜው ከሆነ እንግዲህ ጊዜው ሲያልቅ መመለስ አለበት። መውሰዱ ላይ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ መመለሱን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ያ ሰው በ181ኛው ቀን ምን ሆኖ ነው መስኮቱ ጋ የሚቀርበው?

አገር ቤትስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ መሣሪያ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ይላል። የወንጀል ሕጉ ደግሞ ለሕዝብ ደኅንነት አደገኛ የሆነን ዕቃ፣ የተፈረደበት ሰው ባይኖርም፣ ፍርድ ቤት እንዲወሰድ ማዘዝ እንዲችል ያደርጋል። እዚያም በሬው ያለ ባለቤቱ ይዳኛል ማለት ነው። ልዩነቱ ጠመንጃው ምን እንደሆነ ላይ ነው። ገጠር ጠመንጃ ከጥማድ በሬ በላይ የሚያወጣ ሀብት ነው። በለቅሶ የሚተኮስ፣ ከአባት የተረፈ፣ ሰደፉ ላይ ምስማር የተመታበት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ወደ መሀል ሲገፋ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መሣሪያቸውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ተጠይቀው ነበር። ማስመዝገብ ማስረከብ አይደለም። ሆኖም መንግሥት ጋ ቁጥሩ የገባ ጠመንጃ የኔ ሆኖ ይቀራል ብሎ በልቡ የሚያምን ሰው እኔ ብዙ አላጋጠመኝም። እምነቱ የሚመጣው በአዋጅ አይመስለኝም። አንድ ገበሬ በደረሰኝ ያስረከበው ጠመንጃ በደረሰኝ ሲመለስለት መንደሩ ካየ ነው።

ያልተመለሰው መሣሪያ የት ይደርሳል? ይህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንዳንድ ቦታ ይቀልጣል። አንዳንድ ቦታ ማቅለጥ በሕግ ክልክል ነው። የአሪዞናዋ ቱሳን ከተማ የያዘችውን መሣሪያ ታጠፋ ነበር። ስቴቱ ግን ይሸጥ እንጂ አይጥፋ ይላል። በ2017 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለስቴቱ ፈረደ። ኬንተኪም እንዲሁ ናት። እዚያ የተወረሰ መሣሪያ ለስቴቱ ፖሊስ ይላካል፣ እሱም ለነጋዴዎች በጨረታ ይሸጠዋል።

የኬንተኪዋ ሉዊቪል ከተማ ላይ በኤፕሪል 2023 አንድ ሰው ባንክ ውስጥ አምስት ሰው ገደለ። በማግስቱ ከንቲባው ክሬግ ግሪንበርግ ጋዜጠኞች ፊት ቆመው ያ ጠመንጃ በስቴቱ ሕግ መሠረት ለጨረታ እንደሚቀርብ ተናገሩ። እኚህ ሰው ራሳቸው ከአንድ ዓመት በፊት በምርጫ ቅስቀሳ ቢሯቸው ተተኩሶባቸው ሹራባቸውን ጥይት የጫረው ናቸው። ሕጉን መጣስ አይችሉም። ግድያው ከመድረሱ ከሁለት ወር በፊት ግን አንድ ዘዴ ፈጥረው ነበር። ፖሊሶቻቸው መሣሪያውን ለስቴቱ ከመላካቸው በፊት ጥይቱን የሚመታውን ትንሿን ብረት ነቅለው እንዲያስቀሩ አዘዙ። መሣሪያው ተላከ፣ ሕጉ ተከበረ፣ አይተኩስም። ለገዛው ሰው ያቺን ብረት ፈልጎ መተካት ከባድ አይደለም፣ ይታወቃል። እንደ ሰምና ወርቅ ያለ ትእዛዝ ነው።

ወዳጄን ባለፈው ቡና ላይ አገኘሁት። «ታዲያ የኔስ የት ደርሶ ይሆን?» አለኝ። የተያዘበት ከተማ የምታጠፋ ናት፣ ቀልጧል አልኩት። ቢጫውን ወረቀት ከዋሌቱ አወጣው። እስካሁን ይዞታል። መለያ ቁጥሩን አነበበልኝ፣ መልሶ አጠፈው፣ መልሶ ከተተው።